ኮርሱ አለቀ፣ ኤምፒኤቹ ግን ገና ነው፦ የመመረቂያ ሥራና የመስክ ልምምድ ምርጫዎች ሲነጻጸሩ

የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ (ኤምፒኤች) የሚማር ሰው ኮርስ ላይ ብዙም አይቸገርም። የሚንገዳገደው ከኮርሱ በኋላ ነው። ክፍል ውስጥ መምህር አለ፣ የፈተና ቀን አለ፣ አብሮ የሚያጠና ጓደኛ አለ። ኮርሱ ሲያልቅ ሁሉም በየፊናው ይበተናል። የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የመስክ ልምምድና የመመረቂያ ሥራ። ሁለቱም የፈተና ቀን የላቸውም። "ዲፌንስህ መቼ ነው?" የሚል ዘመድ የሚያሳቅቀን ለዚህ ነው።

እኔም ተሳቅቄ አልፌበታለሁ። በአራት ወር እጨርሰዋለሁ ያልኩት አሥር ወር ፈጀ። አርዕስቴ ጥሩ ነበር። አማካሪዬም ጎበዝ ነበሩ። የተሳሳትኩት የሥራውን ዓይነት ስመርጥ ነው። "ይሄኛው ይቀላል" ያለኝን ሰው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተማሪዎችን አይቻለሁ፤ ቀላል የሚባል ምርጫ ግን አላየሁም። ድካሙ የትም አይቀርም፤ የሚለየው የሚመጣበት ወር ነው። አንዱ ገና ሲጀመር ደጅ ያስጠናል። ሌላው መሀል ላይ ጫማ ይጨርሳል። አንዳንዱ ደግሞ እያባበለ ይወስዳችሁና ትንተናው ላይ ጉድ ያደርጋችኋል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ምርጫዎች ስታነቡ የራሳችሁን የቀን መቁጠሪያ አጠገባችሁ አድርጉ።

በቅድሚያ የትምህርት ቤታችሁን መመሪያ አንብቡ

አሰልቺ ምክር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ከእኛ መካከል መመሪያውን እስከ መጨረሻው ያነበበ ስንት ሰው አለ? አንዳንድ ትምህርት ቤት ቴሲስ የሚባለውን የምርምር ጽሑፍ ብቻ ይቀበላል። ሌላው ካፕስቶን የሚባለውን የተግባር ፕሮጀክትም ይፈቅዳል። የመስክ ልምምዱን በሰዓት የሚቆጥር አለ፣ በሠራችሁት ሥራ የሚመዝንም አለ። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው ምክር ቤት፣ ሲኢፒኤች፣ በ2016 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ባወጣው መስፈርት ተማሪው በመስክ ልምምዱ ቢያንስ 5 ብቃቶችን እንዲያሳይ ይጠይቃል። ለማስረጃም ቢያንስ 2 የሥራ ውጤቶች ማቅረብ አለበት። ለመጨረሻው ሥራ የሚጠይቀው ደግሞ ጥራት ያለው ጽሑፍ ነው እንጂ የግድ ቴሲስ አይልም። የእናንተ ትምህርት ቤት ከዚህ ጠባብ ወይም ሰፊ ሊሆን ይችላል። ከታች ካሉት ምርጫዎች ግማሾቹ ለእናንተ ተዘግተው ከሆነ ዛሬ ብታውቁት ይሻላል።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ በስድስት ነገር እመዝናለሁ። የመጀመሪያው ከሁሉም ይከብዳል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው? ሥራው እንዲጀመር የስንት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል? ከእነሱ ውስጥ ስንቱን ታውቃላችሁ? ሦስት የማታውቋቸው ቢሮዎች መፈረም ካለባቸው ጊዜው የእናንተ አይደለም።

ሁለተኛው ድካሙ መቼ ይመጣል የሚለው ነው። ሦስተኛው ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ።

አራተኛው የሥነ ምግባር ግምገማው ነው። ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ሁሉ በዚህ በር ያልፋል። የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር መሠረት የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ በ1964 ወጥቶ እስከ 2024 ድረስ ሲሻሻል ቆይቷል። ከ1975 ወዲህ ግን አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ጥናቱ ሳይጀመር በኮሚቴ መታየት አለበት። "ዳታውን ልሰብስብና ፈቃዱን በኋላ አመጣለሁ" የሚባል ነገር የለም። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚፈቅድ ኮሚቴ አትጠብቁ። "የኔ ግምገማ አያስፈልገውም" የሚለውንም የሚወስነው ኮሚቴው ነው። እናንተ አይደላችሁም፣ አማካሪያችሁም አይደሉም።

አምስተኛው ችሎታ ነው። የእናንተ ብቻ ሳይሆን የአማካሪያችሁም። እናንተ መማር ትችላላችሁ። ቃለ መጠይቅ ተንትነው የማያውቁ አማካሪ ግን በእናንተ ቴሲስ ላይ አይማሩም። ስድስተኛው ከምረቃ በኋላ ሥራው ምን ይጠቅማችኋል የሚለው ነው።

የራስን ዳታ መሰብሰብ

"እውነተኛ ቴሲስ" ማለት ይሄ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መጠይቅ ይዘጋጃል፣ ሰው ይጠየቃል፣ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚባለው ስታቲስቲካዊ ትንተና ይሠራል፣ ይጻፋል።

እዚህ ሠፈር 384 የምትባል ቁጥር አለች። በ95 በመቶ መተማመኛ፣ በ5 በመቶ የስሕተት ህዳግ፣ የሚጠናው ችግር ያለባቸው ሰዎች ድርሻ (ስርጭቱ) 50 በመቶ ነው ተብሎ ሲሰላ የምትወጣው የናሙና መጠን ናት። መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመርባት 423 አካባቢ ትደርሳለች። ናሙናው በቀበሌ በቀበሌ ወይም በመንደር በመንደር ተከፋፍሎ የሚወሰድ ከሆነ 384ቷ መጀመሪያ በ2 ትባዛለች፤ ያኔ ከ10 በመቶው ጭማሪ ጋር 845 ሆነች ማለት ነው። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ምን እንደሚሆን እናስላ። አራት ዳታ ሰብሳቢዎች አላችሁ እንበል። እያንዳንዳቸው በቀን 8 ሰው ቢጠይቁ በቀን 32 ነው። ለ423 ሰው 14 ቀን ይሄዳል። 845 ከሆነ 27 ቀን። ቤቱ ያልተገኘውን ሰው ደግሞ መመላለስ አለ። አበሉን፣ ትራንስፖርቱን፣ ሥልጠናውን፣ የሱፐርቫይዘሩን ክፍያ በዚህ አባዙት።

ብዙ ተማሪ ሳያስብ 50 በመቶን ይወስዳል። ለምን? ትልቁን ናሙና ስለሚሰጥና ማንም ስለማይከራከርበት። ነገር ግን በተመሳሳይ ሁኔታ የተሠራ ጥሩ ጥናት 20 በመቶ አግኝቶ ከሆነ ናሙናው ወደ 246 ይወርዳል። ይህ ልዩነት የሳምንት ሥራና የብዙ ሰው አበል ነው። ግን አታጭበርብሩ። ሁለተኛው ዓላማችሁ ተያያዥ ምክንያቶችን መፈለግ ከሆነ ለእሱም ለብቻው አስሉና ትልቁን ውሰዱ። ፈታኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

መጠይቁን በወረቀት ከማባዛታችሁ በፊት ኮቦ ቱልቦክስን ወይም ኦዲኬን የመሳሰሉ መጠይቅ መሙያ መተግበሪያዎችን ተመልከቱ። በስልክ ይሠራሉ። ኢንተርኔት በሌለበትም ይሰበስባሉ። ከሁሉ በላይ ዕድሜን 230 ብሎ የሚሞላ ሰው ካለ እዚያው ያስቆሙታል። በወረቀት የሰበሰበ ሰው ይህን ስሕተት የሚያገኘው ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባ ነው። ያኔ ተጠያቂውን ከየት ያመጣዋል?

የዚህ ምርጫ ድካም ሁለት ቦታ ይመጣል፤ ፈቃድ ላይና ሜዳ ላይ። እኔን የበላኝ የመጀመሪያው ነው። በሌላ በኩል ጥያቄው የራሳችሁ ነው፣ ዳታው የራሳችሁ ነው። ጥናት እንዴት እንደሚበላሽ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሌላ የትም አይገኝም ይሄ ትምህርት።

የተሰበሰበ ዳታ መጠቀም

ሰው የሰበሰበውን መተንተን ስንፍና የሚመስለው አለ። አይደለም። ዲኤችኤስ የሚባለው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1984 ጀምሮ በብዙ አገሮች ተሠርቷል። ሚክስ የሚባለው የዩኒሴፍ የቤት ለቤት ጥናት አለ። ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች የዓለም ጤና ድርጅት ስቴፕስ የሚባለው ጥናት አለ። ኤንሃንስ የሚባለው የአሜሪካ የጤናና ሥነ ምግብ ጥናት ደግሞ ያለ ማመልከቻ በቀጥታ ይወርዳል። እነዚህ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያሉባቸው ዳታዎች ናቸው። አንድ ተማሪ በራሱ ገንዘብ እዚያ አይደርስም።

ችግሩ የሚጀምረው ፋይሉ ሲከፈት ነው። ዳታው እናንተን አስቦ አልተሰበሰበም። የፈለጋችሁት ጥያቄ አልተጠየቀ ይሆናል፤ ወይም የተጠየቀው ለእናቶች ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አርዕስት ከመምረጣችሁ በፊት መጠይቁን አውርዳችሁ አንብቡ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይሄዳል። አርዕስት ያጸድቃል፣ ፕሮፖዛል ይከላከላል፣ ከዚያ የሚፈልገው ተለዋዋጭ (የሚለካው ነገር) ዳታው ውስጥ እንደሌለ ያውቃል።

ክብደት የሚባለውም ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ተጠያቂ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚያሳይ ቁጥር ነው። ዲኤችኤስ ላይ የናሙና ክብደቱ ቪ005 በሚባለው ተለዋዋጭ ተቀምጧል፤ ከመጠቀም በፊት ለ1,000,000 መካፈል አለበት። ክላስተሩና ስትራታውም (ናሙናው የተወሰደባቸው መንደሮችና የአካባቢ ምድቦች) ለሶፍትዌሩ መነገር አለባቸው። ይህን ያልነገረ ሰው መቶኛው ይዛባል፣ የመተማመኛ ክልሉም ከሚገባው በላይ ጠብቦ ይወጣል። በደንብ የሚያነብ ፈታኝ ይህን በአምስት ደቂቃ ያገኘዋል። ከስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ስታታና አር በደንብ ይሠሩታል። ኤስፒኤስኤስም ይሠራል፤ ግን ኮምፕሌክስ ሳምፕልስ የሚለው ተጨማሪ ክፍል ያስፈልገዋል።

ሌላው ጣጣ ቁልፉ ነው። ዳታው ነፃ ነው ማለት ሁልጊዜ በእጅ ነው ማለት አይደለም። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም የዲኤችኤስ ፕሮግራምም ቆሞ ነበር። ፕሮፖዛላቸውን ገና ባላወረዱት ዳታ ላይ ገንብተው የነበሩ ተማሪዎች ተንጠልጥለው ቀሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ፋይሉ ኮምፒውተራችሁ ላይ ካልሆነ ዳታ አለኝ አትበሉ።

የጤና ተቋም መዝገብና የሕመምተኛ ካርድም እዚሁ ይመደባሉ። ርካሽ ናቸው። ግን ካርዱ ላይ ክብደት ያልተጻፈለት፣ ዕድሜው የተሰረዘ፣ ጭራሽ የጠፋም ይኖራል። ፕሮፖዛል ከመጻፍ በፊት በተቋሙ ፈቃድ 30 ካርድ አስወጥቶ ስንቱ የተሟላ እንደሆነ ማየት ነው። ከ30 ውስጥ 12ቱ ባዶ ከሆኑ ሌላ አርዕስት ፈልጉ።

ጥልቅ ቃለ መጠይቅና ውይይት

ከስታቲስቲክስ የሸሸ ሰው የሚደበቅበት ቦታ ነው ይባላል። እዚህ የመጣችሁት ለመደበቅ ከሆነ ተመለሱ። ጥያቄያችሁ "ስንት?" ሳይሆን "ለምን?" ከሆነ ግን ሌላ መንገድ የለም። እናቶች ክትባቱን ጀምረው ለምን ያቋርጣሉ? መድኃኒቱ በነፃ እየተሰጠ ለምን ይቆማል? ይህን መጠይቅ አይመልሰውም።

"ስንት ሰው ይበቃል?" የሚለው ጥያቄ አይቀርም። በ2006 የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት፣ ተመሳሳይ ኑሮ ያላቸው ሰዎች ከተጠየቁ አዲስ ሐሳብ መምጣቱ በ12 ቃለ መጠይቆች ውስጥ እንደሚቆም አሳይቷል። ሰዎቹ የተለያዩ ከሆኑ ቁጥሩ ይጨምራል። 15 ሰው ለ45 ደቂቃ ብታናግሩ 11 ሰዓት ከሩብ ድምፅ ይኖራችኋል። አንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ 4 ሰዓት ይፈጃል ብንል እንኳን 45 ሰዓት ነው። ይህ ትርጉም ሳይጨመር ነው። ቃለ መጠይቁ በአንድ ቋንቋ፣ ቴሲሱ በሌላ ቋንቋ ከሆነ ጊዜውን እጥፍ አድርጉት። ከዚያ ኮድ ማድረግ አለ፤ አንብቦ፣ ከፋፍሎ፣ እንደገና አንብቦ። ወጪው ትንሽ ነው። የሚበላው ምሽታችሁን ነው።

የጥናቶች ክለሳ

ሲስተማቲክ ሪቪው (የተሠሩ ጥናቶችን በሥርዓት ፈልጎ መገምገም) ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ይመስላል። እውነት ነው፤ ቤት ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። መቼ ከቤት እንደሚወጡ ግን አይታወቅም። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት 195 የተመዘገቡ ክለሳዎችን ተከታትሎ ከምዝገባ እስከ ኅትመት በአማካይ 67 ሳምንት እንደፈጁ አግኝቷል። ከዓመት በላይ ማለት ነው፤ ያውም በቡድን ተሠርቶ። ለመመረቂያ ማሳተም አይጠበቅባችሁም፣ ስለዚህ ያጥራል። ግን "ሦስት ወር ቀረኝ፣ ሪቪው ልሥራ" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ማለት ያቅተኛል።

ሌላው፣ ክለሳ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጥናቶቹን የሚመርጠው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ምርጫው ያዳላል። ጓደኛ ማግባባት አለባችሁ። ፕሮቶኮሉን (የሥራ ዕቅዱን) ፕሮስፔሮ በሚባለው የክለሳዎች መዝገብ ላይ ቀድሞ ማስመዝገብ ጥሩ ነው፤ ስኮፒንግ ሪቪውን (ምን ምን እንደተጠና ብቻ የሚቃኘውን ክለሳ) ግን ፕሮስፔሮ አይቀበልም። ሪፖርቱ ፕሪዝማ 2020 የሚባለውን የክለሳ አጻጻፍ መመሪያ 27 ነጥቦች ይከተላል። የሰው ዳታ ስለማትነኩ የሥነ ምግባር ጣጣው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ትልቁ ቁልፍ የጆርናል መግቢያ ነው። ትምህርት ቤታችሁ የሚከፍልባቸው ጆርናሎች ጥቂት ከሆኑ ግማሹን ጽሑፍ አታገኙትም።

የፕሮግራም ግምገማ

የሥራ ልምድ ላለው ሰው በጣም የምወደው ይሄን ነው። በሥራ ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም ትወስዳላችሁ። ምን ሊያደርግ ነበር? ምን አደረገ? ለምን ተለያየ? የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ1999 ያወጣው ባለ 6 ደረጃ ማዕቀፍ ዛሬም ጥሩ መነሻ ነው፤ በ2024 ተሻሽሏል። የ1999ኙ የመጀመሪያ ደረጃ ምን እንደነበር ልብ በሉ። ዳታ መሰብሰብ አልነበረም። ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሰዎች ማሰባሰብ ነበር። ያወቁት ያውቁታል ይሄን።

ቁልፉ ሙሉ በሙሉ በፕሮግራሙ ባለቤት እጅ ነው። ካመኗችሁ ሪፖርቱ፣ በጀቱ፣ ሠራተኛው ሁሉ ይከፈትላችኋል። ካላመኗችሁ የግድግዳ ፖስተር ፎቶ አንስታችሁ ትመለሳላችሁ። አደገኛው ወር ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ። "ይሄ አንቀጽ ቢወጣስ?" የሚል ስልክ ይመጣል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ረቂቁን ያያሉ፣ አስተያየት ይሰጣሉ፣ ግኝቱን ግን አይሰርዙም። ይህን የማይፈርም ቦታ ላይ ባትሠሩ ይሻላል።

አንዳንድ ኮሚቴ ግምገማን "ምርምር አይደለም" ብሎ ቶሎ ያሳልፋል። በጽሑፍ ይስጧችሁ፤ በቃል አትመኑ።

የፖሊሲ አጭር ጽሑፍ፣ የፕሮጀክት ዕቅድ፣ የማስተማሪያ ጽሑፍ

እነዚህ የሚፈቀዱት ካፕስቶን ባለበት ትምህርት ቤት ነው። አጭር መጻፍ ቀላል የመሰለው ሰው ይሞክረው። በአራት ገጽ አንድ ባለሥልጣን ምን ይወስን፣ ስንት ያስወጣል፣ ማን ይቃወማል የሚለውን መመለስ አለባችሁ። ጥንካሬው ፍጥነቱ ነው። ድክመቱ ለፒኤችዲ ማመልከቻ ብዙ አይናገርም።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| ምርጫ | ቁልፉ በማን እጅ | የሚከብደው መቼ | ወጪ | የሥነ ምግባር ግምገማ | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|---|
| የራስ ዳታ | በብዙ ቢሮዎች | መጀመሪያና መሀል | ከፍተኛ | ሙሉ | ጊዜና ድጋፍ ላለው |
| የተሰበሰበ ዳታ | በዳታው ባለቤት | ትንተና ላይ | ዝቅተኛ | ቀለል ያለ | ሶፍትዌር ለሚችል |
| ቃለ መጠይቅ | በተቋምና በተጠያቂዎች | ግልበጣና ኮድ ላይ | ዝቅተኛ | ሙሉ | አንባቢና ጸሐፊ ለሆነ |
| ክለሳ | በእናንተና በጆርናል መግቢያ | ከዳር እስከ ዳር | ዝቅተኛ | ጥቂት ወይም የለም | ሁለተኛ ሰው ላለው |
| የፕሮግራም ግምገማ | በፕሮግራሙ ባለቤት | መጀመሪያና መጨረሻ | መካከለኛ | እንደ ኮሚቴው | የሥራ ልምድ ላለው |
| የፖሊሲ ጽሑፍ፣ ዕቅድ | በእናንተና በአማካሪ | መጨረሻ፣ እርማት ላይ | ዝቅተኛ | ብዙውን ጊዜ የለም | ጊዜ ላጠረው |

የመስክ ልምምዱስ?

ተማሪው ልምምዱን እንደ ፎርም ማስሞያ ስለሚያየው ቦታ የሚመርጠው በቅርበት ነው። ቦታው ግን የመመረቂያ ሥራውን ግማሽ ሊሠራላችሁ ይችላል።

የመንግሥት ጤና ቢሮ ውስጥ ሥርዓቱን ከላይ ታያላችሁ። የበሽታ ቅኝት ሪፖርት በየሳምንቱ እንዴት እንደሚመጣ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደማይልክ፣ ዕቅድ እንዴት እንደሚደለደል። ወረርሽኝ ከተነሳ ደግሞ በአንድ ወር የዓመት ትምህርት ታገኛላችሁ። ካልተነሳ ወንበር ስታሞቁ ልትከርሙ ትችላላችሁ። ሥራ የሚሰጣችሁ ሰው ከሌለ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ጠይቁ።

መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ክትትልና ግምገማን፣ የሪፖርት አጻጻፍን፣ የለጋሽ ቋንቋን ያስተምራል። ለሥራ ፍለጋ ይጠቅማል። ዕይታው ግን ጠባብ ነው፤ አንድ ፕሮጀክት፣ አንድ ጠቋሚ። ዳታውንም ከግቢ የማያስወጡ አሉ።

ሆስፒታል ውስጥ የጥራት ማሻሻያ ሥራ መሥራት ይቻላል፤ የመጠበቂያ ጊዜ መቀነስ፣ የእጅ ንጽሕና፣ የኢንፌክሽን መከላከል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ነርስ ወይም ሐኪም ከሆናችሁ ሰው ባነሰ ቀን ነጭ ጋውን ያለብሷችኋል። አንድ ቀን መርዳት ደግ ነው። ሁለት ሳምንት ከሆነ ግን ልምምዱ ቀረ።

የምርምር ተቋም ለፒኤችዲ ለሚያስብ ሰው ተመራጭ ነው። ከርቀት የሚሠራ ልምምድም አለ። ዳሽቦርድ መሥራት፣ ዳታ ማጽዳት ይቻላል። ሰው ግን አታዩም፣ ሰውም አያያችሁም፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁም ስማችሁን ይረሳል። የራሳችሁ መሥሪያ ቤትስ? ብዙ ትምህርት ቤት የሚፈቅደው ከዕለት ሥራችሁ የተለየ ሥራ ከሆነ ብቻ ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ፣ በሌላ አለቃ ሥር አድርጉት።

የትም ሂዱ፣ ከመጀመሪያው ቀን በፊት አንድ ወረቀት ይፈረም። ተቆጣጣሪው ማነው? ስንት ሰዓት? ስትወጡ ምን ሠርታችሁ ትሰጣላችሁ? ዳታውን ለመመረቂያ መጠቀም ይፈቀዳል? ሰዓታችሁን ደግሞ በየሳምንቱ አስፈርሙ። ተቆጣጣሪ ይዛወራል፣ ይታመማል፣ ሥራ ይለቅቃል። የሦስት ወር ፊርማ በአንድ ቀን የጠበቀ ልጅ አውቃለሁ። ፈራሚው አገር ለቆ ነበር።

ሁለቱን አንድ ቦታ ማድረግ ከቻላችሁ አድርጉ። ልምምዱ ላይ ሰዎቹን ታውቃላችሁ፣ መዝገቡን ታያላችሁ፣ ማን እንደሚፈርም ትለያላችሁ። ደብዳቤያችሁ ሲመጣ ፊታችሁን የሚያውቅ ሰው ያነበዋል። ሁለት ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል። በልምምድ ያያችሁትን ዳታ ያለ ሥነ ምግባር ፈቃድ ቴሲስ ውስጥ አታስገቡ። አንዱን ጽሑፍም ለሁለቱም አታስረክቡ። አይፈቀድም፤ ይታወቃልም።

እንግዲህ የትኛውን?

ሙሉ ቀን የምትሠሩ ከሆነ የተሰበሰበ ዳታ ያዙ። ሌሊት የሚከፈት ቢሮ የለም፤ ኮምፒውተር ግን ሌሊትም ይሠራል። መሥሪያ ቤታችሁ ጥሩ ፕሮግራም ካለው ግምገማም ይሆናል፤ ራሳችሁ የመራችሁት ፕሮግራም እስካልሆነ ድረስ።

ኪሳችሁ ቀጭን ከሆነ የራስ ዳታን በ845 ሰው አትጀምሩ። ገንዘቡ መሀል ላይ ሲያልቅ ዳታ ሰብሳቢዎቹ ቤታቸው ተቀምጠው መሙላት ይጀምራሉ፤ እናንተም ልትቆጣጠሩ አትችሉም። የተሰበሰበ ዳታ ወይም በአንድ ተቋም የታጠረ ቃለ መጠይቅ ይሻላል።

ፒኤችዲ የምታስቡ ከሆነና ጊዜ ካላችሁ የራስ ዳታ ጥሩ ነው። እኔ ግን በሚገባ የተተነተነ ትልቅ ዳታ ይበልጥብኛል። ጥሩ ተባባሪና ከዓመት በላይ ጊዜ ካላችሁ ክለሳም ያስከብራል።

ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ የፕሮግራም ግምገማን የሚያህል የለም። ቃለ ምልልስ ላይ "ይህን ገምግሜ ይህ ተለወጠ" ማለት ከማንኛውም ኦድስ ሬሾ (የስታቲስቲክስ ውጤት) በላይ ይሰማል።

ሦስት ወር ብቻ ከቀራችሁና ካፕስቶን ከተፈቀደ የፖሊሲ ጽሑፍ ውሰዱ። ካልተፈቀደ አሁኑኑ እጃችሁ ላይ ባለ ዳታ ሥሩ። ገና ሊጠየቅ ያለ ዳታ አይቆጠርም።

ስታቲስቲክስ ለምትፈሩት ደግሞ፣ ስልኩን የሚያነሳና ሶፍትዌሩን የሚያውቅ አማካሪ ካላችሁ ፍርሃቱ በአንድ ወር ይለቃል። ከሌላችሁ ወደ ቃለ መጠይቅ ሂዱ፤ ግን ቃለ መጠይቅ የሚያውቅ አማካሪ ይዛችሁ።

አማካሪያችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታገኙ አንድ ገጽ ይዛችሁ ግቡ። ጥያቄያችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ሁለት አማራጭ ዓይነት፣ አንድ ብቻ አይደለም። ከታች ደግሞ ፊርማ የሚያስፈልጋችሁ ሰዎች ዝርዝር፤ ከእያንዳንዱ ጎን መቼ እንደምትጠይቁ፣ እሳቸው ከሌሉ ማን እንደሚፈርም። እኔ ይህን ዝርዝር ያኔ ጽፌው ቢሆን ስድስት ፊርማ ይወጣው ነበር። ሁለተኛው ፈራሚ ሥልጠና ላይ እንደሆኑ ያወቅኩት ደብዳቤዬ ጠረጴዛቸው ላይ ሰባት ሳምንት ከተኛ በኋላ ነው። ምክትላቸው ያንኑ ቀን ፈረሙልኝ።